የመስታወቱ ዓሣ በጣና ዳር፦ የግላስፊሽ 7 አፕሊኬሽን ሰርቨር ግምገማ

በባሕር ዳር ዓሣ የሚገዛ ሰው ስንጥቡን ገልጦ ቅላቱን ሳያይ ገንዘቡን አያወጣም። ግላስፊሽ የሚባለው አፕሊኬሽን ሰርቨር (በጃቫ የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፉ አገልግሎቶችን አስተናግዶ በኔትዎርክ የሚያቀርብ ሶፍትዌር) የተሰየመው ሥጋው ብርሃን በሚያሳልፍና አጥንቱ ከውጭ በሚታይ ትንሽ ዓሣ ስም ስለሆነ፣ እኔም ግምገማዬን የምጽፈው በዚሁ የገበያ ልማድ፣ ስንጥቡን ገልጬ ካየሁ በኋላ ነው። ለጥቂት ወራት አንድ የሬስት ዌብ ሰርቪስ፣ ማለትም በድር አድራሻ በኩል መረጃ የሚሰጥና የሚቀበል አገልግሎት፣ በዚህ ሰርቨር ላይ ዲፕሎይ ሳደርግ፣ ሳነሳና መልሼ ስተክል ሰንብቻለሁ። የደረስሁበትን ፍርድ ከመጀመሪያው ለመናገር፣ ግላስፊሽ 7 ነጻ፣ የተሟላና ኢንተርኔት በሌለበት ቢሮ ሥራውን የሚያከናውን ዕቃ ነው፤ ነገር ግን ስሙ የሚያስጠብቀውን ያህል ውስጡ አይታይም፤ በተለይም «ዲፕሎይ ተደርጓል» የሚለው ቃሉ አገልግሎቱ ይሠራል ለማለት አይበቃም።

ስለ ቃሉ አንድ ነገር ልበል። ዲፕሎይ ማድረግ ማለት የተዘጋጀውን ፕሮግራም ሰርቨሩ ላይ አስቀምጦ ለሥራ ማቅረብ ነው። «መጫን» ብንለው ራሱን ሰርቨሩን ኮምፒውተር ላይ ከመጫን ጋር ይምታታል፤ «ማሰማራት» ደግሞ ለከብትና ለጦር የበለጠ ይቀናዋል። ስለዚህ በሙያው ሰዎች አንደበት እንዳለው «ዲፕሎይ ማድረግ» እያልሁ እቀጥላለሁ።

ሥራው የተጀመረው በሐይቁ ዳር ነው። ጎብኚዎችንና ተሳላሚዎችን ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የሚያደርሱ ባለጀልባዎች የሚገናኙበት አንድ ጠባብ ቢሮ አለ። የጉዞዎቹን ዝርዝር የሚይዙት ሁላችንም እትዬ የምንላቸው የቢሮው ጸሐፊ ናቸው። በየጀልባው ስንት መቀመጫ እንደተያዘ የሚታወቀው ከእርሳቸው ደብተር ብቻ ስለነበር፣ ውኃው ዳር ቆሞ ሰው የሚያሳፍረው ልጅ በየአምስት ደቂቃው ይደውልላቸዋል፤ መስመሩ ሲጨናነቅ ደግሞ እየሮጠ ይመጣል። እኔ የተጠየቅሁት ይህን ደብተር አንድ ላፕቶፕ ውስጥ አስገብቼ፣ ባለጀልባዎቹ በቢሮው ዋይፋይ በኩል ከስልካቸው እንዲያዩት ማድረግ ነበር። መረጃውም፣ ጠያቂውም፣ መላሿም በሃምሳ እርምጃ ውስጥ እያሉ መረጃውን ባሕር ማዶ ወዳለ ሰርቨር ልኮ መልሶ ማምጣት አልታየኝም፤ ኢንተርኔቱ በጠፋ ቁጥር ሩጫው ሊመለስ ነውና። ስለዚህ ሰርቨሩ እዚያው በእትዬ ጠረጴዛ ላይ ይሁን ተባለ።

ስለ ሬስት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሮይ ፊልዲንግ እ.ኤ.አ. በ2000 ለዶክትሬት ዲግሪው ባቀረበው ጥናት ስም ያወጣለት አሠራር ሲሆን፣ ፍሬ ነገሩ እያንዳንዱ ነገር የራሱ አድራሻ ይኑረው፣ በአድራሻው ላይ የሚፈጸመውም ድርጊት የድር መገናኛ ደንብ የሆነው ኤችቲቲፒ በሚያውቃቸው በጌት፣ በፖስት፣ በፑትና በዲሊት ይገለጽ የሚል ነው። በእኛ ቢሮ አንድ ጉዞ አንድ አድራሻ አለው፤ ማየት ጌት፣ መመዝገብ ፖስት፣ መሰረዝ ዲሊት ነው። ሰርቨሩ ከአንዱ ጥያቄ ወደ ሌላው ስለ ጠያቂው የሚያስታውሰው ነገር መኖር እንደሌለበትም አሠራሩ ያዛል፤ ይህን የመጨረሻውን ነጥብ በቅጡ ስላላሰብሁበት ኋላ ላይ ዋጋ አስከፍሎኛል።

የሰርቨሩ የትውልድ ታሪክ ለተጠቃሚው ከሚመስለው በላይ ይጠቅመዋል። ግላስፊሽን እ.ኤ.አ. በ2005 እንደ ክፍት ፕሮጀክት የጀመረው ሰን ማይክሮሲስተምስ ነው፤ ኦራክል በ2010 ሰንን ሲገዛ ግላስፊሽም አብሮ ሄደ፤ በ2013 ኦራክል የንግድ ድጋፉን እንደሚያቆም አስታወቀ፤ በኋላም ፕሮጀክቱ ከመላው የጃቫ ኢንተርፕራይዝ ቴክኖሎጂ (ለድርጅት ሥራ በጃቫ የሚጻፉ ፕሮግራሞች ከሚመሠረቱበት የደንቦች ስብስብ) ጋር ወደ ኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ተላለፈ። ኤክሊፕስ «ጃቫ» በሚለው ስም መቀጠል ስላልተፈቀደለት ቴክኖሎጂው «ጃካርታ» ተባለ፣ በኮዱ ውስጥም «ጃቫክስ» ብለው የሚጀምሩት የፓኬጅ (የኮድ ማኅደር) ስሞች «ጃካርታ» ወደሚል ተቀየሩ። ግላስፊሽ 6 ከዚህ ለውጥ ጋር በ2020 መጨረሻ ወጣ፤ እኔ የገመገምሁት ግላስፊሽ 7 ደግሞ ጃካርታ 10ን ይዞ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር አጋማሽ 2022 ገደማ የተለቀቀው ነው። ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት ለታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቻችን የተማርንባቸው ማስታወሻዎችና በፍላሽ የተቀባበልናቸው ቪዲዮዎች ከስም ለውጡ በፊት የተዘጋጁ ስለሆኑ፣ ቀጥሎ የምነግራችሁ ጉድጓድ የሚገኘው እዚሁ መታጠፊያ ላይ ነው።

ማስጀመሩ ግን እጅግ ቀላል ነው፣ ለዚህም ሙሉ ምስጋና ይገባዋል። አንድ ዚፕ ፋይል ይወርዳል፤ እሱን በፈለጉት ፎልደር መዘርገፍ ብቻ ይበቃል፤ ሌላ የመጫኛ ሥርዓት የለውም። ሁለት ዓይነት አለ፤ ሙሉውና ዌብ ፕሮፋይል የሚባለው። ለሬስት አገልግሎት አነስ የሚለው ዌብ ፕሮፋይል ይበቃል፤ ጀርሲ የተባለው የሬስት ማስተናገጃና የጄሰን (ፕሮግራሞች መረጃ በጽሑፍ የሚለዋወጡበት ቅርጽ) ማዘጋጃው በውስጡ አሉ። ጃቫ 11 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ በአሮጌው ጃቫ 8 አይነሳም። ከዚያ በኋላ «አስአድሚን» ለሚባለው ፕሮግራም ዶሜይኑን (የሰርቨሩን ራሱን የቻለ የሥራ ክፍል) አስጀምር የሚል አንድ መስመር ትእዛዝ መስጠት ነው። ጥቂት ሴኮንዶች ቆይቶ በፖርት (በመግቢያ በር ቁጥር) 8080 ላይ የመቀበያ ገጹ፣ በፖርት 4848 ላይ የአስተዳዳሪው ገጽ ይከፈታል። ሲመጣ የተመደበለት የማኅደረ ትውስታ ጣሪያ 512 ሜጋባይት ስለሆነ የእትዬን ላፕቶፕ አላስጨነቀውም፤ ከጎኑ ብራውዘርና የጽሑፍ ማቀናበሪያ ከፍተው ይሠራሉ።

አገልግሎቱን ዲፕሎይ ለማድረግ ሦስት መንገዶች ሞክሬአለሁ። አንደኛው በአስአድሚን ትእዛዝ ነው፤ «ዲፕሎይ» ብሎ የዋር ፋይሉን (አገልግሎቱ የታሸገበትን ፋይል) ስም መስጠት፣ ቀድሞ የነበረውን ለመተካት ደግሞ «ፎርስ» የሚለውን አማራጭ መጨመር። ሁለተኛው በአስተዳዳሪው ገጽ በመዳፊት እየጫኑ መሥራት ነው፤ ለጀማሪ ያመቻል፣ ለእኔ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ አሰልቺ ሆነብኝ። የወደድሁት ሦስተኛውን ነው። በዶሜይኑ ፎልደር ውስጥ «አውቶዲፕሎይ» የሚባል ፎልደር አለ፤ የዋሩን ፋይል እዚያ ውስጥ ሲጥሉት ሰርቨሩ በየሁለት ሴኮንዱ እያየ ስለሚጠብቅ ወዲያው ያነሳዋል፣ ሲሳካለትም በዚያው ስም ላይ «ዲፕሎይድ» የሚል ጭራ ያለው ባዶ ፋይል አጠገቡ ያስቀምጣል፤ ካልተሳካለትም ጭራው መውደቁን ይናገራል። ፋይሉን ከፎልደሩ ሲያጠፉት አገልግሎቱም ከሰርቨሩ ይወገዳል። እንዲህ ያለው አሠራር ኮምፒውተር ለማያዘወትር ሰው እንኳ ይገባል፤ እኔ ዓባይ ማዶ ቤቴ ሆኜ ያሻሻልሁትን ፋይል በቴሌግራም ልኬ፣ እትዬ ራሳቸው ከአንዱ ፎልደር ወደ ሌላው አዛውረው አዲሱን ሥሪት ያስጀመሩበት ቀን አለ።

ፋይሉን በቴሌግራም መላክ የተቻለው ትንሽ ስለሆነ ነው፣ ይህም ከግላስፊሽ ትልልቅ በጎነቶች አንዱ ነው። ሬስቱን የሚያስተናግደው፣ ጄሰኑን የሚያዘጋጀው፣ ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኘው ሁሉ ሰርቨሩ ውስጥ ስላለ፣ የእኔ ዋር ፋይል ክላስ የሚባሉትን የእኔን የኮድ ክፍሎችና የአንድ ገጽ ኤችቲኤምኤል ብቻ ይዞ በኪሎባይት የሚቆጠር ነው። ስፕሪንግ ቡት በሚባለው ሌላ የጃቫ መሥሪያ የሚሠሩ ጓደኞቼ ሰርቨሩን ራሱን በፋይላቸው ውስጥ አሽገው ስለሚዞሩ፣ አንድ ቃል ባስተካከሉ ቁጥር በአሥር ሜጋባይቶች የሚቆጠር ጭነት ይልካሉ። ፈጣን መስመር ባለበት አገር ይህ ልዩነት ከቁም ነገር አይገባም፤ ዳታ በብር እየገዛን ለምንኖር ግን ይገባል። ኮዱን አዘጋጅቶ ዋር ፋይል በሚያደርገው በሜቨን በኩልም ቢሆን ከውጭ የሚያስፈልገው ኮድ አንድ ብቻ ነው፤ የጃካርታ ኤፒአይ (የጃካርታ ክፍሎች የሚጠሩበት መገናኛ)፣ ያውም ሰርቨሩ ስላለው ዋሩ ውስጥ እንዳይገባ «ፕሮቫይድድ» ተብሎ ይጻፋል። አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ሜቨንን ያለ ኢንተርኔት አሠርቼዋለሁ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልግባ። የመጀመሪያውን ሥሪት ዲፕሎይ ባደረግሁ ዕለት፣ ትእዛዙ በተሳካ ሁኔታ መፈጸሙን ሰርቨሩ ነገረኝ፤ የአስተዳዳሪው ገጽም ስሙን ከዝርዝሩ ውስጥ አሳየኝ። ብራውዘሩን ከፍቼ አድራሻውን ስጽፍ ግን 404፣ «አልተገኘም» የሚለው ቁጥር፣ መጣ። አድራሻውን ደግሜ ጻፍሁ፤ 404። ሰርቨሩን አጥፍቼ አስነሳሁ፤ 404። እትዬ ሻይ አስመጥተው «ልጄ፣ ጠጣና ይሻልሃል» ካሉኝ በኋላ እንኳ ያው ነበር።

ጥፋቱ የእኔው ነበር። ኮዱን የጀመርሁት ከአሮጌ ፕሮጀክት ቀድቼ ስለነበር፣ ክላሶቼ ላይ የለጠፍኋቸው አኖቴሽኖች (ክላሱ ምን እንደሚሠራ ለሰርቨሩ የሚናገሩ ምልክቶች) «ጃቫክስ» ከሚለው ፓኬጅ የመጡ ነበሩ። ግላስፊሽ 7 የሚፈልገው በ«ጃካርታ» የሚጀምሩትን ብቻ ነው። የሌሎቹን ስም አያውቅም፣ ስለማያውቃቸውም አይቆጣም፤ ክላሶቼን እንደ ማንኛውም ተራ ክላስ ቆጥሮ አለፋቸው። በእሱ በኩል ዋሩ ተከፍቷል፣ ውስጡ ያለው ተቀምጧል፣ ስሕተት አልተገኘም፤ ስለዚህ «ተሳክቷል» ማለቱ ውሸት አይደለም። ተሳካ ያለው ግን የፋይሉን ማረፍ እንጂ የአገልግሎቱን መነሳት አይደለም። ሻንጣው መድረሱን የሚመሰክር ሰው ስለ ባለሻንጣው መድረስ ምንም አልተናገረም።

ይህን ካስተካከልሁ በኋላም ነገሩ አላለቀም፤ ምክንያቱም የሬስት አገልግሎት አድራሻ ከአምስት ቁራጮች የተሰፋ ሆኖ፣ ከመጨረሻዎቹ ሦስቱ የትኛውም ቢጎድል ሰርቨሩ የሚያሳየው ያንኑ አንድ ገጽ ነው። መጀመሪያ የኮምፒውተሩ ስም ወይም ቁጥር አለ፣ ከዚያ ፖርቱ፣ ከዚያ ኮንቴክስት ሩት የሚባለው የአፕሊኬሽኑ ስም፣ ከዚያ «አፕሊኬሽን ፓዝ» በተባለው አኖቴሽን የተሰጠው መግቢያ፣ በመጨረሻም «ፓዝ» በተባለው የክላሱ አኖቴሽን የተሰጠው። የእኔ አድራሻ በአማርኛ ቢነበብ ሎካልሆስት (ራሱ ኮምፒውተሩ)፣ 8080፣ ጀልባ፣ ኤፒአይ፣ ጉዞዎች የሚል ነው። ከእነዚህ ውስጥ ብዙ ሰው የሚሰናከልበት ሦስተኛው ነው። ኮንቴክስት ሩቱን ለይተው ካልሰጡት ሰርቨሩ የሚወስደው ከዋር ፋይሉ ስም ነው፤ ሜቨን ደግሞ ልማዱ ሆኖ በፋይሉ ስም ላይ የሥሪቱን ቁጥርና «ስናፕሾት» የሚል ቃል ይቀጥላል። እኔ «ጀልባ» ብዬ ስጠራው ሰርቨሩ «ጀልባ 1.0 ስናፕሾት» በሚል ስም አስቀምጦት ነበር። መድኃኒቱ በሜቨን ፋይል ውስጥ የመጨረሻውን ስም በግልጽ መጻፍ ወይም ዲፕሎይ ሲያደርጉ ኮንቴክስት ሩቱን በትእዛዙ መስጠት ነው።

አራተኛው ቁራጭ ደግሞ ጨርሶ ሊረሳ ይችላል። አፕሊኬሽን ፓዝ የሚለጠፍበት ክላስ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ባዶ ነው፤ ሁለት መስመር ብቻ ያለው፣ ምንም የማይሠራ የሚመስል ክላስ። አንድ ተማሪዬ ኮድ ሲያጸዳ «ይሄ ባዶ ነው» ብሎ አጠፋው። ዋሩ ያለ ምንም ማጉረምረም ዲፕሎይ ተደረገ፣ አገልግሎቱ ግን በሙሉ ጠፋ፤ ያ ባዶ ክላስ የበሩ መቃን ነበርና። በአድራሻው ውስጥ ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል መለየቱንም እዚህ ላይ መጨመር ይገባል።

ይህን ሁሉ ስናይ ስሙ የመስታወት ዓሣ መሆኑ ትንሽ ያስቃል። ከእነዚህ አራት የተለያዩ ጥፋቶች አንዱም በሚመጣው ገጽ ላይ ከሌላው አይለይም። ዲፕሎይ ሲጠናቀቅ ሰርቨሩ «እነዚህን አድራሻዎች መዝግቤአለሁ» ብሎ አምስት መስመር ቢጽፍልኝ፣ ወይም «በዚህ ዋር ውስጥ አንድም የሬስት ክላስ አላገኘሁም» ቢለኝ፣ ያ ዕለት በሻይ ብርጭቆ ብዛት ባልተቆጠረ ነበር። በዶሜይኑ ፎልደር ውስጥ ያለው የሎግ (የክንውን መዝገብ) ፋይል አደጋ ሲደርስ ብዙ ይናገራል፤ ያልተገኘ ክላስ፣ ያልተገናኘ ዳታቤዝ፣ የተያዘ ፖርት ሁሉ እዚያ ይጻፋል። ያልሆነውን ነገር ግን አይጽፍም፤ የእኔም ችግር ያልሆነው ነገር ነበር።

ስለዚህ ብራውዘሩን ትቼ የድር ጥያቄ በጽሑፍ ትእዛዝ በሚልከው በ«ከርል» መፈተሽ ጀመርሁ፤ የምላሹን ቁጥር ከነራስጌው (ከምላሹ በፊት ከሚመጣው መግለጫ ጋር) ያሳያልና። ከጊዜ በኋላ ቁጥሮቹን እንደ ሰው ፊት ማንበብ ይለመዳል። 404 አድራሻው አልተገኘም ነው፣ ከላይ እንዳልሁት ስለ ምክንያቱ ዝም ይላል። 405 ሲመጣ ግን ደስ ይለኛል፤ አድራሻው ትክክል ነው፣ የተጠቀምሁት ድርጊት ብቻ አልተፈቀደም ማለት ነውና። ለምሳሌ ፖስት ብቻ የሚቀበለውን አድራሻ በብራውዘር ስከፍተው ብራውዘሩ ጌት ስለሚልክ 405 ይመልሳል፤ አገልግሎቱ በሕይወት አለ። 415 ደግሞ የላክሁት ጄሰን መሆኑን በራስጌው ሳልናገር ስቀር ይመጣል። 500 ሲሆን ጥፋቱ በኮዴ ውስጥ ነው፣ ሎጉም ሙሉውን ታሪክ ይዞታል። በእነዚህ ሁሉ ግላስፊሽ ደረጃውን የጠበቀና የታመነ ነው፤ ቁጥሩ ሲዋሽ አላየሁትም።

የፊደላችን ጉዳይ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። የመጀመሪያው ሙከራዬ የሐይቁን ስም በተራ ጽሑፍ የሚመልስ አንድ ሜተድ (የክላስ ተግባር) ነበር፤ ብራውዘሩ «ጣና» የሚለውን ባለ ሁለት ፊደል ቃል ስድስት ትርጉም የለሽ ምልክቶች አድርጎ አሳየኝ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ሥርዓት አንድ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል፣ ሰርቨሩም ባይቶቹን በትክክል ልኳቸዋል፣ ነገር ግን በምላሹ ራስጌ ላይ የፊደል ሥርዓቱ ስላልተጠቀሰ ብራውዘሩ እያንዳንዱን ባይት እንደ አንድ የላቲን ምልክት ቆጠረው። በ«ፕሮዱስስ» አኖቴሽን ላይ ከጽሑፉ ዓይነት ቀጥሎ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን መጻፍ ይበቃል። ጄሰን ሲመለስ ይህ ችግር አይታይም፤ የጄሰን ልማዱ ራሱ ዩቲኤፍ 8 ነውና። ሌላው ቀዳዳ በኮምፓይል (ኮዱ ለማሽኑ በሚተረጎምበት) ጊዜ ያለው ነው፤ ከጃቫ 18 በፊት የነበሩት ሥሪቶች የፊደል ሥርዓቱን ከኮምፒውተሩ ስለሚወስዱ፣ ዊንዶውስ ላይ አማርኛ በኮዱ ውስጥ የሚጽፍ ሰው በሜቨን ፋይሉ ላይ የምንጩን የፊደል ሥርዓት በግልጽ ማዘዝ አለበት። እነዚህ ሁለቱ ከተስተካከሉ በኋላ «ኡራ ኪዳነ ምሕረት» ከነሙሉ ክብሯ በስልኩ ላይ ወጣች።

ስለ መረጃው ቅርጽም ጥቂት ላክል፣ ሰርቨሩ ስለ ጄሰን ያለው ጠባይ የሚታየው እዚህ ነውና። በዝርዝሩ ውስጥ ለእያንዳንዱ መዳረሻ «ለወንዶች ብቻ» የሚል እውነት ወይም ሐሰት የሚሆን መስክ አስገባሁ፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች ስለማይገቡባቸው፣ ቤተሰብ ይዞ የመጣ እንግዳ ውኃው መሀል ከደረሰ በኋላ ይህን መስማት የለበትም። ይህኛው ያለ ችግር ሠራ። «ማስታወሻ» የሚለው መስክ ግን ባዶ ሲሆን ከምላሹ ውስጥ ጨርሶ ይጠፋል፤ የጃቫ መረጃን ወደ ጄሰን የሚመልሰው ጄሰን ቢ የሚባለው ሥርዓት ካላዘዙት በቀር ባዶ መስኮችን አይጽፍም። የስልኩ ገጽም ያንን መስክ ሲፈልግ አጥቶት «ያልተወሰነ» የሚለውን የፕሮግራመሮች ቃል ለባለጀልባው አሳየው። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ሰርቨሩ 08:00:00 ብሎ ይልካል፣ እትዬ ደግሞ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ይላሉ። አገልግሎቱ በዓለም አቀፉ ሥርዓት እንዲናገር፣ ገጹ ብቻ ወደ እኛ አቆጣጠር እንዲመልሰው አደረግሁ፤ ሁለቱን በሰርቨሩ ውስጥ መቀላቀል ጀልባ ያስመልጣል።

ሰርቨሩ ከጥያቄ ወደ ጥያቄ አያስታውስም የሚለው ነጥብ ከላይ እንዳልሁት ዋጋ ያስከፈለኝ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ሥሪት የተመዘገቡትን ሰዎች በክላሱ ውስጥ በአንድ ዝርዝር አስቀምጬ ነበር። እትዬ ሦስት ሰዎች መዘገቡ፣ ሰርቨሩም ተቀበለ፣ ዝርዝሩን ስንከፍት ግን ባዶ ነው። የሬስት ክላስ በልማዱ ለእያንዳንዱ ጥያቄ አዲስ ሆኖ ይፈጠራል፤ የመዘገበው አንዱ፣ የተጠየቀው ሌላው ነበር። ክላሱን አንድ ብቻ እንዲሆን ማዘዝ ይቻላል፣ ያም ቢሆን ሰርቨሩ ሲጠፋ ይጠፋል። ስለዚህ ፖስትግሬስ የሚባለውን ዳታቤዝ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ጭኜ ከሰርቨሩ ጋር አገናኘሁት። ለዚህ ግላስፊሽን አመሰግነዋለሁ፤ የዳታቤዝ ግንኙነቱን በአስተዳዳሪው ገጽ ካዘጋጁ በኋላ «ፒንግ» የሚል ቁልፍ አለ፣ ሲጫኑት ግንኙነቱ መሥራት አለመሥራቱን እዚያው ይነግራል። ለሬስት አድራሻዎች የለመንሁት ግልጽነት ለዳታቤዙ ተሰጥቶት አየሁ።

በዋይፋዩ ላይ ያለው ሥራ አጭር ነው። ፖርት 8080 ከሌሎች ኮምፒውተሮች የሚመጣ ጥያቄ ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ ስለሚቀበል፣ በስልኮቹ ላይ በሎካልሆስት ፋንታ የላፕቶፑን የአይፒ ቁጥር መጻፍ ብቻ በቃ፤ የዊንዶውሱን ፋየርዎል መክፈት ግን ያስፈልጋል። ፖርት 4848 በላፕቶፑ ላይ ሲከፈት የይለፍ ቃል አይጠይቅም፣ ከሌላ ኮምፒውተር ግን የአስተዳዳሪው ጥበቃ ካልተከፈተ አያስገባም፤ ይህን ልማድ አደንቃለሁ። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪው ይቀጥላል፣ ራውተሩ ግን ወዲያው ይሞታል፤ ስለዚህ ለራውተሩ ትንሽ ባትሪ ተገዛለት። ላፕቶፑ ራሱ ጠፍቶ ሲነሳም ዲፕሎይ የተደረገው አገልግሎት በዶሜይኑ መዝገብ ውስጥ ስላለ አብሮ ይነሳል፤ ዶሜይኑ ከኮምፒውተሩ ጋር በራሱ እንዲጀምር ደግሞ በአስአድሚን እንደ ሰርቪስ ማስመዝገብ ይቻላል።

ከሌሎቹ ሰርቨሮች ጋር ሳስተያየው፣ ቶምካት ቀላልና የታወቀ ቢሆንም የሬስት ማስተናገጃ የለውም፤ ጀርሲንና የጄሰን ማዘጋጃውን ራስዎ በዋሩ ውስጥ መጨመር አለብዎ፣ ጄሰኑን ከረሱ ምላሹን የሚጽፍ አልተገኘም የሚል 500 ይጠብቅዎታል። ዋይልድፍላይ ጠንካራ ነው፣ የሚቀበለው ግን ከራሱ ኮምፒውተር የሚመጣውን ብቻ ስለሆነ ለዋይፋይ ሲፈለግ ለይቶ ማዘዝ ይገባል፤ ጀማሪ ይህን ሳያውቅ ራውተሩን ሲወቅስ ይውላል። ከግላስፊሽ ኮድ እ.ኤ.አ. በ2014 የተገነጠለው ፓያራ የተከፈለበት ድጋፍ ለሚፈልግ ድርጅት ይሻላል።

ግላስፊሽን ለማን እመክራለሁ ብባል፣ ለተማሪና ለአንድ ቢሮ ሥራ ሳላመነታ እመክራለሁ፤ በፖሊቴክኒክ የሚማር ልጅ ዚፑን ከጓደኛው በፍላሽ ተቀብሎ በአንድ ምሽት የሚሠራ አገልግሎት ሊያቆምበት ይችላል። በቀን ብዙ ጊዜ እያነሳ እየጣለ ለሚሠራ ሰው ግን ሰርቨሩን አልፎ አልፎ አጥፍቶ ማስነሳት እንደሚያስፈልግ እነግረዋለሁ፤ በተደጋጋሚ ዲፕሎይ ሲደረግበት ማኅደረ ትውስታው ይከብድበታል። ፈቃዱ ክፍት፣ ዋጋውም ነጻ ነው።

አገልግሎቱ አሁን በየቀኑ ይሠራል፤ ልጁም መሮጡን ትቷል። በላፕቶፑ ክዳን ላይ አምስቱን የአድራሻ ቁራጮች በአማርኛ ጽፌ ለጥፌአለሁ፤ እትዬ ጠዋት ቢሮ ሲከፍቱ አድራሻውን ይከፍቱና ዝርዝሩ ካልመጣ ከወረቀቱ ጋር አስተያይተው የትኛው ቁራጭ እንደጎደለ ለይተው ነው የሚደውሉልኝ። ደብተሩ ግን አሁንም ከላፕቶፑ አጠገብ ተከፍቶ አለ። መብራት ጠፍቶ ውሎ ቢያድርና ባትሪው ቢያልቅ ወደ እሱ ይመለሳሉ፤ መብራቱ ሲመጣ ያንን ገጽ በፖስት አንድ በአንድ የማስገባው እኔ ነኝ።